ወራጅ ውሃ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ጨዋታ ሳልዘል፣
ማልያ አጥባለሁ በምድር ቤት ክፍል።
ስሜ ፕራስኮቪያ ነው፤ ረዘመ መሰል፣
ልጆቹ «ፓሻ» ብለው ቆረጡት በመሐል።
መስኮቴ ጠባብ ናት፣ ከሜዳው እኩል ናት፤
ከጨዋታው የማየው ቁርጭምጭሚት፣ ቁርጭምጭሚት።

ክለባችን «ቡክሲር» ነው፤ ትርጉሙ በወንዙ
የጎታች ጀልባ ስም፣ የሌላ ሰው ጓዙ
ወገቡን የሚያጎብጥ። እኛም እንዲያ ኖርን፣
ለሞስኮ ክለቦች ልጅ እያሳደግን፤
ሲጎረምስ መሸጥ፤ ዋጋውም ለከርሞ
ጣራ መለጠፊያ፣ ሊያፈስ እንደ ቀድሞ።

ሰውን በፊቱ አላውቅም፤ በእድፉ ነው የማውቅ።
ካፒቴኑ ግሌብ ከሣር ሲተናነቅ
ክርኑ አረንጓዴ፤ የግራ ክንፉ ዛውር
ጀርባው ኖራ ብቻ፣ መስመር ለመስመር ሲዞር።
አጥቂያችን ሳቭቫ ግን ከየካቲት ወዲህ
ንጹሕ ነው ማልያው። ተጠራጠርሁ በዚህ።
ጉልበቱን ደብቋል። ለሰው አልተነፈስሁ፤
የሚወድቅበትን የሚመርጥ ሰው አውቃለሁ።

ሌላው ንጹሕ ታጊር ነው፣ ተቀያሪ በረኛ፣
ከዳግስታን ተራራ የመጣ ዝምተኛ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ዓመቱን በሙሉ
ከወንበር ተጣብቆ፣ ሌሎች ሲጋደሉ።
ከጨዋታ በኋላ ከሁሉ አምልጦ
ያልቆሸሸ ማልያ ያመጣል ጨብጦ።
«አክስቴ፣ እጠቢልኝ።»
አጥባለሁ። ምን ልበል?
ከሳሙና በቀር ምን አለኝ የሚታደል?

አሰልጣኝ በኛ አገር እንደ በረዶ ነው፤
ጥቅምት ላይ ይወርዳል፣ ሚያዝያ ያቀልጠው።
አንዱ ይጮህ ነበር፣ አንዱ ሻማ ሲያበራ፣
አንዱ ከኮምፒዩተር ጋር ሲመክር፣ ሲያወራ።
አርካዲ ሳቬልዬቪች ካፖርት አያወልቅ፣
በሐምሌም በጥርም፤ ቆሞ ሲጨነቅ
ኪሱ ውስጥ ብዕሩን በጣቱ ሲያደቅ።

ግንቦት፣ የመጨረሻው ቀን። ሞስኮዎች መጡብን።
አንዲት ነጥብ ብቻ፣ አንዲት ቢተዉልን
እንተርፍ ነበረ።
ባዶ ለባዶ ነን እስከ ሰማንያ ዘጠኝ፤
ከዚያ በመስኮቴ የታየኝ ምን ታየኝ?
ቁርጭምጭሚት ሁሉ ባለበት ደረቀ፤
ኳስ ከአንጋፋው በረኛ ብብት ሥር ዘለቀ።

«ወራጅ» አለን ሬዲዮው፣ «ወራጅ» አለን ዳቦ ሻጩ፣
«ወራጅ» አሉን ሕፃናት ከአጥር ላይ ተቀማጩ።
ቮልጋ ዕድሜውን ሙሉ ወረደ፣ ወረደ፤
ማን ከዳሩ ቆሞ ስሙን አዋረደ?

የሊቀመንበሩ ስልክ አውቶቡሱን ቀደመ።
አርካዲ ሳቬልዬቪች ከበሬ ላይ ቆመ፤
ካፖርቱን አወለቀ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«አጥበሽ ለሰው ስጪ።» ሄደ ያለ ኑዛዜ።

ኪስ ሳልፈትሽ ከተትሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት
አንድም ቀን ያልሠራሁት፣ ያልታየብኝ ስሕተት።
ከኪሱ ተጣጥፎ ወጣ አንድ ካርቶን፣
አሥራ አንድ ስም ፈስሶ ሰማያዊ ሲሆን፤
ማን አጥቂ፣ ማን ተከላካይ፣ አይለይም አሁን።
ቀለም ይታጠባል፤ የብዕር ጠባሳ ግን
አይለቅም። በጣቴ ዳበስሁት አንደኛውን
መስመር፦ «ታጊር» ይላል፣ ተሰርዟል። ከሥሩ
«ታጊር»፣ ተሰርዟል። ሦስተኛም። ከዳሩ
ካርቶኑ ተቀድዷል።

በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። ማልያው በእጁ፣
እጥፋቱ ያልተፈታ፣ የእኔው የካውያ ፈርጁ።
ካርቶኑን አየና «ቆሻሻ ነው?» አለኝ።
ልነግረው ከአፌ ላይ ደርሶ መለሰኝ፤
ምን ያደርግለታል፣ ለጥቂት መቅረቱ?
ወይስ ይሄ ነበር የሚያሻው መድኃኒቱ?
አላውቅም። ሽርጤ ውስጥ ካርቶኑን ከተትሁ፤
ማልያውን ግን ዛሬ አልቀበልም አልሁ።

«ንጹሕ ነው ይሄ፣ ልጄ። ታች ሊጉ ጭቃ ነው፤
የሐምሌ ዝናብ አለ፤ ሂድና ልበሰው።
አቆሽሸህ አምጣ።»
ከኋላዬ ካፖርቱ
ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ውሃው ሲወርድ ከደረቱ።